ልጄ የክርስትና እናቷን ምን ብላ ትጥራት?

ሴት ልጄ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ያቀፈቻት የእህቴ ጓደኛ ናት፤ ገና 26 ዓመቷ። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን ትመጣለች። ችግሩ መጠሪያው ላይ ነው።

«የክርስትና እናቴ» ለልጅ አፍ ረዘመ። «ክስና» ብላ አሳጥራው ቀረች። «እማዬ» እንዳንል አያቷን የምትጠራው በሱ ነው። ባለፈው በቪዲዮ እየተደዋወልን «እማዬ!» ብትል፣ አዲስ አበባ ያለችው እናቴም ሶፋው ላይ የተቀመጠችው የክርስትና እናቷም እኩል «ወዬ!» አሉ። ሳቅን፤ እናቴን ግን ትንሽ ቅር ሳይላት አልቀረም። «እትዬ»ንም ሞከርን። «አሮጊት አደረጋችሁኝ!» ብላ ኮስተር አለች። በባዶ ስሟ መጥራቱ ደግሞ ለእኔ አይዋጥልኝም። እኔ ራሴ የክርስትና እናቴን እስከ ዛሬ «እቴቴ» ነው የምላት።

ጎረቤቶቻችን ሜክሲኳውያን ናቸው። «ማድሪና» የሚለውን ልጆቹ አሳጥረው «ኒና» ይላሉ። ግሪኮችም «ኖና» አላቸው። ቀናሁ!

እናንተ ቤት፣ የክርስትና እናቱ ወጣት የሆነችለት ልጅ ምን ብሎ ነው የሚጠራት?