ናርዋል የሚባለው ባለ ቀንድ ዓሣ የምር አለ እንዴ? ማኪያቶ አስይዘናል

የሶሊ_አባት
ሰላም ቤተሰብ እንዴት አመሻችሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው ምንኖረው፣ ትላንት እንደለመደው መብራት ሲጠፋ ከልጄ ጋር ስልኬ ላይ አውርጄው የነበረ ቪድዮ ስናይ በረዶ መሃል ረጅም ቀንድ ያለው ዓሣ ብቅ አለና ልጅት ጥያቄ ጀመረች፣ በረዶ ከላይ ከዘጋው በየት ይተነፍሳል፣ ለምን ሞቅ ወዳለ ቦታ አይሄድም፣ ቢጠፋስ ማን ይጎዳል፣ እኔ ምን ልበላት? ጎረቤታችን ደግሞ ሻማ ሊዋስ መጥቶ "ባለ ቀንድ ዓሣ የሚባል ነገር የለም፣ ኤአይ ነው የሰራው" ብሎ ድርቅ አለ። ማኪያቶ አስይዘናል፣ የምታውቁ አስረዱኝ በናታችሁ።

ባህር_አይቼ_አላውቅም
አለ ወንድሜ፣ ኤአይ ሳይፈጠር በፊት የነበረ ነው። ለቡ አካባቢ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ተማሪዎቼም ይሄንኑ ይጠይቁኛል። ናርዋል ዓሣ ሳይሆን የዓሣ ነባሪ ዘመድ ነው፣ በሳንባ ይተነፍሳል፣ ግልገሉን ያጠባል። የሚኖረው አርክቲክ (የምድር ሰሜን ጫፍ) ብቻ ነው፣ በብዛት በካናዳና በግሪንላንድ መሃል ባፊን ቤይ የሚባለው ጋ፣ ከዛ ውጪ ምስራቅ ግሪንላንድና ስቫልባርድ የሚባሉት የኖርዌይ ደሴቶች አካባቢም አለ። በበጋ ወደ ባህር ዳርቻ ይጠጋሉ፣ ክረምት ሲገባ (ክረምት ስል የነሱን ነው፣ የኛ ሐምሌ አይደለም) ወደ ጥልቁ ባህር ይመለሳሉ፣ እዛ ደግሞ ላዩ በሙሉ በረዶ ነው ማለት ይቻላል፣ ክፍት ውሃው ከመቶ 5 እጅ እንኳን የማይሞላበት ቦታ አለ። በበረዶው ስንጥቅ ብቅ ብለው አየር ስበው ይጠልቃሉ። ከ1,500 ሜትር በላይ ይወርዳሉ እኮ! ከቦሌ እስከ እንጦጦ ጫፍ ያለው የከፍታ ልዩነት 1,000 ሜትር አይሞላም፣ እሱን አስበህ በአንድ ትንፋሽ ወርደህ ስትመለስ ገምት፣ 25 ደቂቃ ድረስ ይቆያሉ። ታች የሚወስዳቸው ምግብ ነው፣ ግሪንላንድ ሃሊበት የሚባል ጠፍጣፋ ዓሣ ወለሉ ላይ ሞልቷል፣ ስኩዊድና ሽሪምፕም አለ። በበጋ ብዙም አይበሉም፣ የአመቱን ስብ የሚሰበስቡት ክረምት ላይ ነው። ስለዚህ ለምን ሞቅ ወዳለ ቦታ አይሄድም ላለችው፣ ማዕዱ ያለው በረዶው ስር ስለሆነ ነው በላት።

ሚጡ_ከጀሞ
ቀንዱ በረዶ ለመስበሪያ ነው አይደል? እንደዛ ነው የሰማሁት

ባህር_አይቼ_አላውቅም
አይ ሚጡዬ፣ ቀንድም አይደለም። ክራንቻ ጥርስ ነው፣ የግራው፣ የላይ ከንፈሩን በስቶ ወደ ግራ እየተጠማዘዘ 3 ሜትር ገደማ ድረስ ያድጋል። አብዛኛውን ጊዜ ያላቸው ወንዶቹ ናቸው፣ ከሴቶቹ ጥቂቶቹ ብቻ። ውስጡ ነርቭ በነርቭ ነው፣ የውሃውን ጨው መጠን ይሰማዋል። እ.ኤ.አ በ2017 ካናዳ ውስጥ በድሮን የተቀረፀ ቪድዮ ወጥቶ ነበር፣ ትንንሽ ዓሣ በጥርሱ መታ አድርጎ አደንዝዞ ሲውጥ ያሳያል። የሚገርመው አፉ ውስጥ የሚያኝክበት ሌላ ጥርስ የለውም፣ ሙሉውን ነው ሚውጠው። ድሮ አውሮፓ ይሄን ጥርስ የባለ አንድ ቀንድ ፈረስ ቀንድ ነው፣ የመርዝ ማርከሻ ነው እያሉ በወርቅ ዋጋ ይሸጡት ነበር፣ የዴንማርክ ነገስታት ዙፋን ራሱ በሱ ነው የተሰራው። ነጋዴ የትም ያው ነው።

ውርጭ_ሱሉልታ
እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም፣ እዚህ ሱሉልታ ህዳር ላይ ጠዋት ባልዲው ላይ ስስ በረዶ ሰርቶ ሳገኘው ሰማይ ምድሩን ነው ምረግመው። ስንጥቁ ድንገት ቢዘጋባቸው ታፍነው አይሞቱም? እንደዛ ከሆነ በረዶው ቢቀልጥላቸው አይሻልም?

ባህር_አይቼ_አላውቅም
ጥሩ ጥያቄ። አዎ ይታፈናሉ፣ ንፋስ ሲቀየር ወይ ብርዱ በአንዴ ሲጠና ስንጥቁ ይዘጋና መቶዎች አንድ ቀዳዳ ላይ ይጨናነቃሉ፣ ነጭ ድብና አዳኞች እዛው ደርሰው ይጨርሷቸዋል። ግን በረዶው አጥራቸውም ነው። ኦርካ (ናርዋልን የምታድነው ጥቁርና ነጭ የባህር እንስሳ) ጀርባዋ ላይ ረጅም ክንፍ ስላላት ወፍራም በረዶ ውስጥ መግባት አይመቻትም፣ ናርዋል ጀርባው ላይ ክንፍ የለውም፣ ሸርተት ብሎ ይገባል። አሁን አርክቲክ እየሞቀ በረዶው ዘግይቶ ሲመጣና ቀድሞ ሲሄድ ኦርካዎቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ ናርዋሎቹ የሚበሉበትን ትተው ጠረፍ ጠረፉን ተጠግተው ይውላሉ። መርከብም በዛው መንገድ ይገባል፣ ድምፅ ደግሞ አይወዱም፣ በጨለማ አደን የሚያድኑት የራሳቸውን ድምፅ ማስተጋባት እየሰሙ ነው።
ቢጠፉ ማን ይጎዳል ላለችው፣ ከታች ጥልቁ ያሉትን ዓሦች የሚበላ ትልቅ አዳኝ ናቸው፣ ያንን ስብ ላይ ድረስ አምጥተው ለድቡና ለኦርካው ምግብ ይሆናሉ። ኢኑይት የሚባሉት የአርክቲክ ነባር ሰዎችም ይኖሩባቸዋል፣ ቆዳውን ከነስቡ በጥሬው ይበላሉ፣ አትክልት በማይበቅልበት ሀገር ቫይታሚን ሲ ከሱም ያገኛሉ።

ሚጡ_ከጀሞ
ቁርጥ በሉና 😂 አዋዜስ አላቸው?

የሶሊ_አባት
ተባረኩ፣ ሁሉንም ለሶሊ አነበብኩላት። ለጎረቤቴም አሳየሁት፣ እሱ ግን ሁለቴ አንብቦ "ቀንድ አይደለም ተባለ፣ ዓሣም አይደለም ተባለ፣ እኔ ምን አልኩ? ባለ ቀንድ ዓሣ የለም አላልኩም?" ብሎ ማኪያቶውን ይጠይቀኛል። አሁን ይሄን ምን ትሉታላችሁ?