ፍላሽን ወደ ሾርትከት የሚቀይር ቫይረስ ከስታርትአፕ እንዴት ይነቀላል?

ጥያቄ፦ ብዕረኛዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ሲሆን፣ ደንበኞች ሲቪያቸውንና የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በፍላሽ ይዘው ስለሚመጡ ኮምፒውተሬ ከቫይረስ ፋታ አያገኝም። የአሁኑ ግን ለየት ይላል። ፍላሽ በተሰካ ቁጥር በውስጡ ያሉት ፎልደሮች በሙሉ ሾርትከት ይሆናሉ፤ ጸረ ቫይረሱ አገኘሁ፣ አጠፋሁ ቢልም ኮምፒውተሩን ዘግቼ ስከፍተው ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። በታስክ ማናጀር ስታርትአፕ የሚለውን፣ ኮምፒውተሩ ሲከፈት አብረው የሚነሡ ፕሮግራሞች የሚዘረዘሩበትን ገጽ ስመለከት የማላውቀው አንድ ስም ብቻ አገኘሁ፤ «ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ቤዝድ ስክሪፕት ሆስት» ይላል፣ አሳታሚውም ማይክሮሶፍት ነው። ዊንዶውሱ 10 ነው። ይህን ስም ብነካው ሌላ ነገር አበላሽ ይሆን? የምጠቀመው የሞባይል ዳታ ስለሆነ ትልቅ ፋይል ማውረድም ይከብደኛል።

መልስ፦ ሽቦ

ጤና ይስጥልኝ። ያዩት ፕሮግራም በእርግጥም የዊንዶውስ ነው፤ ሥራው በስክሪፕት የተጻፉ ትንንሽ ፋይሎችን ማስኬድ ነው። ተንኮሉ ያለው በእሱ ላይ ሳይሆን እንዲያስኬድ በታዘዘው ፋይል ላይ ስለሆነ፣ ስሙንና አሳታሚውን ብቻ አይቶ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። በዚያው በስታርትአፕ ገጽ የዓምዶቹን ርዕስ ራይት ክሊክ አድርገው «ኮማንድ ላይን» የሚለውን ይምረጡ። ያን ጊዜ ደብሊውስክሪፕት (የዚሁ ፕሮግራም የፋይል ስም) ከሚለው ቀጥሎ ሙሉ አድራሻ ይወጣል፤ አድራሻው አፕዳታ ወይም ቴምፕ በሚባል ፎልደር ውስጥ አልፎ በቪቢኤስ የሚያልቅ የስክሪፕት ፋይል ላይ ከደረሰ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። በመካከሉ ሁለት ስላሽና ቢ የሚል ካዩም አይደነቁ፤ ስክሪፕቱ ስሕተት ቢገጥመው እንኳ ምንም መልእክት በስክሪኑ ላይ እንዳያወጣ የሚያደርግ ትእዛዝ ነው።

ቅደም ተከተሉን እንዳያዛቡ አደራ እላለሁ። ስክሪፕቱ እየሠራ ሳለ ከስታርትአፕ ቢያነሡት ራሱን መልሶ ሊጽፍ ስለሚችል፣ በመጀመሪያ ዲቴይልስ በሚለው ገጽ ደብሊውስክሪፕትን ኢንድ ታስክ ያድርጉ፤ ቀጥሎ በስታርትአፕ ዲሴብል ያድርጉ፤ በመጨረሻ አድራሻውን ተከትለው ሄደው የቪቢኤስ ፋይሉን ይሰርዙ። የሚሰረዘው ስክሪፕቱ ብቻ ነው፤ ደብሊውስክሪፕትን ራሱን አይንኩት። ይህ ሁሉ ሲሆን ምንም ፍላሽ አይሰካ።

መልስ፦ ጥንቁቅ

የሽቦ መልስ ትክክል ነው፤ ሆኖም ታስክ ማናጀር የሚያሳየው ሁሉንም አይደለም። ሥራዎችን በቀጠሮ በሚያስነሣው ታስክ ስኬጁለር ውስጥ የተቀመጠ ትእዛዝም ሆነ እንደ ሰርቪስ፣ ማለትም ከጀርባ ሆኖ እንዲሠራ፣ የተመዘገበ ፕሮግራም በዚያ ገጽ አይታይም፤ ቫይረሱ ከተነቀለ በኋላ የሚመለሰውም ብዙ ጊዜ በእነዚህ በኩል ነው። የዊንዶውስ ባለሙያው ማርክ ሩሲኖቪች ከባልደረባው ጋር የሠራውና ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮሶፍት እጅ ያለው አውቶራንስ የተባለ ነጻ መሣሪያ እነዚህን ሁሉ በአንድ መስኮት ያሳያል። መጠኑ ጥቂት ሜጋባይት ስለሆነ ዳታዎን አይጎዳም፣ ኢንስቶል ማድረግም አያስፈልገውም። የማይክሮሶፍት የሆኑትን የሚደብቀው አማራጭ በሌላ ጊዜ ጠቃሚ ነው፤ በእርስዎ ጉዳይ ግን መሣሪያ የሆነው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ስለሆነ እሱንም አብሮ እንዳይሰውርብዎ አማራጩን አጥፍተው ይዩ። በቢጫ የሚታዩት መስመሮች ፋይላቸው የጠፋ ናቸው፤ አብዛኞቹ ቀድሞ ከተነሣ ፕሮግራም የቀሩ ስለሆኑ አያስደነግጡ። የተጠራጠሩትን ወዲያው ከመሰረዝ ይልቅ የምልክት ሳጥኑን ባዶ ያድርጉት፤ ከተሳሳቱ መመለስ ይችላሉ።

ብዕረኛዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አድራሻው እንደተባለው አፕዳታ ውስጥ፣ ሮሚንግ በሚባለው ፎልደር ነበር፤ የፋይሉ ስም ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ነው። ታስክ ስኬጁለር ውስጥም ይህንኑ ፋይል የሚጠራ አንድ ትእዛዝ አግኝቼ ሰረዝኩ። ዳግም ካስነሣሁት በኋላ ደብሊውስክሪፕት አይታይም። የቀረኝ የደንበኛዬ ፍላሽ ነው፤ ፎርማት ላድርገው?

መልስ፦ ሽቦ

በፍጹም ፎርማት አያድርጉ! የደንበኛዎ ጽሑፍ አልጠፋም፣ ተደብቆ ነው ያለው። ሾርትከቱን ደብል ክሊክ ማድረግም አይገባም፤ ፎልደሩን ሲከፍት ስክሪፕቱንም አብሮ ያስነሣልና ልፋትዎ ከንቱ ይቀራል። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍተው የፋይልን የመደበቂያ ምልክት በሚያነሣው አትሪብ በተባለ ትእዛዝ ማይነስ ኤች፣ ማይነስ አር እና ማይነስ ኤስ ጨምረው የፍላሹን ፊደል ይስጡት፤ መጨረሻ ላይ ስላሽ ኤስ እና ስላሽ ዲ ያክሉ። እውነተኞቹ ፎልደሮች ሲገለጡ ሾርትከቶቹንና በፍላሹ ላይ ያለውን የቪቢኤስ ፋይል ይሰርዙ።

መልስ፦ ጥንቁቅ

አንድ ነገር ልጨምር። ዲፌንደር በተባለው የዊንዶውስ የራሱ ጸረ ቫይረስ ውስጥ ኦፍላይን ስካን የሚል አማራጭ አለ፤ ኮምፒውተሩን ዳግም አስነሥቶ ዊንዶውስ ሳይጫን ስለሚፈትሽ፣ ስክሪፕቱ የመነሣት ዕድል ሳያገኝ ቀሪ ካለ የመገኘት ዕድሉ ይሰፋል። ሩብ ሰዓት ያህል ስለሚወስድ ደንበኛ በማይበዛበት ሰዓት ያድርጉት፤ ላፕቶፕ ካልሆነ ደግሞ መብራት የማይጠፋበትን ሰዓት ይምረጡ።