ድሬ እንደ ኪጋሊ እንድትፀዳ ቅጣት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም?

የከዚራው ልጅ፦ አቦ እንዴት ናችሁ፣ ለስራ ሩዋንዳ፣ ኪጋሊ አንድ ሳምንት ከርሜ መጣሁ። እናቴ ቆሎ በፌስታል ቋጥራ ሰጥታኝ ነበር፣ ገና ኤርፖርት ሻንጣዬን ፈትሸው ፌስታሉን ወሰዱብኝ፣ ቆሎው ልብሴ ላይ ተበተነ ሃሃሃ። ለካ በፈረንጅ ከ2008 ጀምሮ ክልክል ነው። መንገዱን ብታዩት ወላሂ ቁጭ ብለህ ምሳ ትበላበታለህ። ደግሞ በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ኡሙጋንዳ የሚሉት አለ፣ ከጠዋቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ሱቅ ይዘጋል፣ ከ18 እስከ 65 አመት ያለ ሁሉ ወጥቶ ይጠርጋል ቦይ ይቆፍራል፣ ያለ ምክንያት የቀረ 5000 የነሱ ፍራንክ ይቀጣል። እኛስ? እኔ ቅጣት ይጀመር ባይ ነኝ።

ሳቢያን፦ ቅጣት ትላለህ፣ መጀመሪያ የት ልጣለው? እኛ ሰፈር የቆሻሻ ጋሪ በሁለት ሳምንት አንዴ ቢመጣ ነው። ቤቴ ላሽተው?

የከዚራው ልጅ፦ እና ደቻቱ ትጥለዋለህ? 1998 ላይ ያን ሁሉ ሰው የበላን ወንዝ?

ሳቢያን፦ ያ ጎርፍ ከደጋው ዝናብ ነው የመጣው፣ ፌስታል አላመጣውም፣ አትቀላቅል።

የከዚራው ልጅ፦ አላመጣውም እሺ። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ግን የት እንደሚገባ አንተም ታውቃለህ።

ጁገል፦ ሐረር ኑ፣ እኛ የፅዳት ሰራተኛ ጅብ አለን፣ ግንቡ ላይ ሳይቀር መግቢያ ቀዳዳ የተተወለት። ችግሩ አጥንት እንጂ ፌስታል አይበላም።

የቀፊራዋ፦ የከዚራው ልጅ፣ ኪጋሊ ጉሊት የምትሸጥ ሴት መንገድ ላይ አየህ? አላየህም አይደል። ጎዳና ላይ የሚነግደውን፣ የሚለምነውን፣ ማደሪያ የሌለውን እያፈሱ ጊኮንዶ የሚባል ቦታ እንደሚያጉሩ ሂውማን ራይትስ ዎች ስንቴ ፅፏል። ከቆሻሻው ጋር ድሃውንም ጠርገው ነው ያሳዩህ። እኔ ቀፊራ ቲማቲም ሸጬ ነው ልጆቼን የማሳድገው፣ ቅጣቱ ሲመጣ የሚጀመረው ከኔ ነው፣ ከግሮሰሪው አይደለም።

የከዚራው ልጅ፦ ይሄን አላየሁም፣ ከሆቴል ስብሰባ ከስብሰባ ሆቴል ነበርኩ። ልክ ነሽ። ግን ፌስታሉንስ? ፓርላማው 2017 ላይ የሚከለክል አዋጅ አፅድቆ የለ?

የቀፊራዋ፦ አዋጁማ አለ። ደንበኛው ባዶ እጁን መጥቶ በምን ልቋጥርለት፣ በቀሚሴ?

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ እኔ ባቡር ላይ ስሰራ ፌስታል የሚባል ነገር አናውቅም ነበር። ሚስቴ ዘንቢሏን ይዛ ነበር ገበያ የምትወጣው። ዛሬ ዘንቢል መያዝ እንደ ገጠሬነት ይቆጠራል፣ የጫት ትራፊው ገራባው እንኳን ያኔ የፍየል ነበር፣ አሁን ፍየሏ ከገራባው ጋር ፌስታሉንም ውጣ ትሞታለች።

ሳቢያን፦ ጋሼ እውነትዎን ነው፣ የጎረቤታችን ፍየል ስትታረድ ሆዷ ውስጥ የተገኘውን ብነግርዎ።

የከዚራው ልጅ፦ እሺ ቅጣቱን ተዉት። በወር አንድ ቅዳሜ በየሰፈራችን ብንወጣስ? በ2 ሰዓት።

ጁገል፦ በድሬ ፀሀይ በ2 ሰዓት! ትቀልጣላችሁ።

ሳቢያን፦ 12 ሰዓት ከሆነ አለሁ፣ ከሰዓት ግን እንዳትጠሩኝ በርጫ ላይ ነኝ።

የቀፊራዋ፦ ከገበያ በፊት ከሆነ እኔም እመጣለሁ፣ የጠረግነውን ማን እንደሚያነሳው ግን ቀድማችሁ ጨርሱ፣ ባለፈው ሰብስበን ከምረነው ንፋስ መልሶ በተነው።

ጡረተኛው፦ ጋሪ ያለው ጎረቤት አለኝ፣ አነጋግረዋለሁ። አካፋ ሁለት አለኝ።