የአንገቴና የደረቴ ሽፍታ አንድ ዓይነት ነው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ጺሜን በተላጨሁ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አንገቴ ላይ፣ መግል የቋጠሩና መሀላቸው ላይ ፀጉር ያለባቸው ቀያይ እብጠቶች ይወጡብኛል። የፀረ ባክቴሪያ እንክብል ታዝዞልኝ ለሳምንታት ስወስድ ቆየሁ፤ አንገቴን ጥቂት ቢያሻለኝም፣ አሁን ደግሞ ደረቴና ትከሻዬ ላይ እጅግ የሚያሳክክ ደቃቅ ሽፍታ ፈላብኝ። የአንገቱ ተዛምቶ ይሆን? መድኃኒቱንስ ልድገመው?

መልስ 1፦
እንክብሉን በራስዎ ውሳኔ እንዳይደግሙት አደራ እላለሁ። ሐኪሞች ፎሊኩላይተስ የሚሉት የፀጉር ሥር መቆጣት የአንድ በሽታ ስም አይደለም፤ ፀጉር የሚበቅልበት ቀዳዳ በማናቸውም ምክንያት ሲቆጣ የሚጠራበት የወል ስም ነው። በብዛት የሚያመጣው ስታፊሎኮከስ ኦረስ የተባለው ባክቴሪያ ሲሆን፣ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍንጫና ቆዳ ላይ ያለ ጉዳት ይኖራል፤ ምላጭ፣ የጠበቀ ልብስ ወይም ማከክ ቆዳውን ሲልጠው ግን ወደ ቀዳዳው ይገባል። ወደ ውስጥ ከጠለቀ ብጉንጅ ይሆናል።

የደረትዎ ግን ሌላ ይመስለኛል። ማላሴዚያ የተባለው ፈንገስ በሁላችንም ቆዳ ላይ አለ፤ ፀረ ባክቴሪያው ተቀናቃኞቹን ሲያጠፋለት ይራባል። ሽፍታው መጠኑ እኩል ከሆነ፣ ካሳከከና ሲያልብዎ ከባሰ እሱን መጠርጠር ይገባል። የሚድነው በፀረ ፈንገስ ስለሆነ የቀድሞው መድኃኒት ቢደገም ሊያባብሰው ይችላል። ሐኪም ከሽፍታው ጥቂት ወስዶ በማይክሮስኮፕ ቢያየው ይለየዋል።

መልስ 2፦
ስለ አንገትዎ አንድ ነገር ልጨምር። ፀጉርዎ ጥቅልል ከሆነ፣ መነሻው ጨርሶ ጀርም ላይሆን ይችላል። እኔ ኢንፌክሽን ነው ብዬ ለዓመታት ቅባት ስቀባ ኖሬ፣ አንድ ቀን መስታወት ተጠግቼ ስመለከት እብጠቱ ውስጥ እንደ ቀለበት የተጠማዘዘ ፀጉር አየሁ። ተላጭቶ ጫፉ የሾለ ጥቅልል ፀጉር ሲያድግ ተመልሶ ቆዳውን ይወጋል፤ ቆዳውም እንደ እሾህ ቆጥሮት ይቆጣል። መላጨት ከአንድ ወር በላይ ትቼ፣ ሞቅ ባለ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ጠዋትና ማታ ሳደርግበት ፀጉሩ በራሱ ጊዜ ወጣ። አሁን በመቁረጫ ማሽን አሳጥረዋለሁ እንጂ ከሥሩ አልላጨውም። በመርፌ መጎርጎርና ማፍረጥ ጠባሳ ያስቀራልና እባክዎ ይተዉት።

መልስ 3፦
በቅርቡ ሙቅ ውኃ ገንዳ ውስጥ ገብተው ከነበረ ለሐኪሙ ይንገሩት። በደንብ ያልታከመ ውኃ ውስጥ ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ይራባል፤ ሽፍታው ከ1 ወይም ከ2 ቀን በኋላ፣ ይበልጡን የዋና ልብስ በሸፈነው ገላ ላይ ይወጣና ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ባለው ቀን ውስጥ ራሱ ይጠፋል። ትኩሳት ካለዎት፣ ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ ወይም የስኳር ሕመም ካለብዎ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ገንዳ አልገባሁም። የደረቴን አሁን በደንብ ሳየው ሁሉም የስንዴ ቅንጣት እንኳ የማያህሉ፣ እኩል እኩል ናቸው። ምላጩን ከዛሬ ጀምሮ አስቀምጫለሁ፤ ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ሄጄ ሽፍታው በማይክሮስኮፕ እንዲታይልኝ እጠይቃለሁ።