የሰፈር ወሽመላ መቼና እንዴት ይለቀም? አጋሙስ?

የጓሮ ወዳጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየማችን አጥር ጥግ ሁለት ትልልቅ የወሽመላ ዛፎች አሉ። ኮሚቴው ነዋሪው እንዲለቅም ፈቅዷል። ግን ቢጫ ሆኖ የተለቀመውም ይጎመዝዛል፤ ሦስት ቀን ቢቆይም አይጣፍጥም። ዘንቢል ውስጥ ካደረ ደግሞ ቆዳው ይጠቁራል። አንዳንዱ ሲከፈት ትል አለው። ሌላው፣ ልጆቹ ከአጥሩ ውጭ ካለው ቁጥቋጦ አጋም ነው እያሉ የሚበሉት ፍሬ አለ፤ የምታውቁ ብትነግሩን። ከተረፈ ማርማላታ መሥራትም አስበናል።

አትክልተኛው፦
ወሽመላ እንደ ሙዝና አቮካዶ አይደለም፤ ከዛፉ ከወረደ በኋላ አይበስልም። ይለሰልሳል እንጂ አይጣፍጥም፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ ማቆየት አይጠቅመውም። ቢጫ መሆኑ ብቻውን አያታልላችሁ። ፍሬው ከጭራው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ተመልከቱ፤ እዚያ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለበት ከታየ ገና ነው። ቀለበቱ ጠፍቶ ፍሬው ሁሉ እኩል ደማቅ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ሲሆን፣ በአውራ ጣት ቀስ ብላችሁ ስትጫኑት ትንሽ እሺ ሲል፣ ያኔ ደርሷል። አንድ ዘለላ ላይ ያለው እንኳ እኩል አይደርስም። በየአራት አምስት ቀኑ እየተመላለሳችሁ የደረሰውን ብቻ ልቀሙ።

መቀስ ያዙ። ፍሬው ተጎትቶ ሲነቀል ቆዳው ጭራው ሥር ይቀደዳል፤ መጥቆሩና መበስበሱ ከዚያች ቀዳዳ ይጀምራል። ከጭራው አንድ ሳንቲሜትር ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡ። ዘንቢል ጥልቅ ስለሆነ የታችኛው በላይኛው ክብደት ይጨፈለቃል። ሰፌድ ወይም ዝቅ ያለ ካርቶን ላይ ጨርቅ አንጥፋችሁ ከሁለት ድርብ በላይ አትከምሩ። እስኪበላ ድረስ አይታጠብ። ውጭ ሁለት ሦስት ቀን፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል።

በድንጋይ መውገርና በአጣና መምታት ግን ፈጽሞ ይቅር። ወሽመላ የሚያብበው በቅርንጫፉ ጫፍ ነው፤ ዘንድሮ ጫፉን የሰበረ የሚቀጥለውን ፍሬ ሰበረ። ለከፍታው መሰላል ይሻላል። የመብራት ገመድ በአጠገቡ ካለፈ በቧንቧ ብረት ለማውረድ እንዳትሞክሩ።

ትሉ የፍራፍሬ ዝንብ ልጅ ነው። ዝንቧ ቆዳውን በመርፌ የተወጋ በምትመስል ነጥብ ከፍታ እንቁላሏን ትጥላለች። ትሉ ሲያድግ ከፍሬው ወጥቶ አፈር ይገባል፤ ከዚያ ዝንብ ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ መሬት የወደቀውን በየሁለት ቀኑ ሰብስባችሁ ጥቁር ፌስታል ውስጥ አጥብቃችሁ ቋጥሩና ፀሐይ ላይ አንድ ሁለት ሳምንት ተዉት። ወይም ግማሽ ሜትር ቆፍራችሁ ቅበሩት። ዛፉ ሥር እየበሰበሰ የሚቀረው ፍሬ ነው ትሉን በየጊዜው የሚያባዛው።

ደገኛዋ፦
የአጋሙን ነገር ሳትውሉ ሳታድሩ አጣሩት፤ እኔን ከወሽመላው ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ምረንዝ የሚባል ቁጥቋጦ አለ፤ ከአጋም ጋር በጣም ይመሳሰላል። ሁለቱም ቅጠላቸው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይወጣል፣ ሁለቱም ሲቆረጡ ነጭ ወተት ያፈስሳሉ፣ የሁለቱም አበባ ነጭና ሽታው ደስ የሚል ነው፣ ፍሬያቸውም ሲበስል ወደ ጥቁር ሐምራዊ ይሄዳል። ምረንዝ ግን ልብ የሚያቆም መርዝ አለው፤ በምሥራቅ አፍሪካ ቀስት ሲመረዝበት የኖረው ተክል ነው።

የሚለያቸው እሾህ ነው። አጋም ጠንካራና ሹል እሾህ አለው፤ አንዳንድ ጊዜም ጫፉ ላይ ሁለት ሆኖ ይሰነጠቃል። ምረንዝ እሾህ የለውም፤ ቅጠሉም ከአጋም ተለቅና ወፈር ያለ ነው። አንድ ቅርንጫፍ አይታችሁ አትፍረዱ፤ ሁለቱ ተጠላልፈው ሊበቅሉ ስለሚችሉ ፍሬው ያለበትን ቅርንጫፍ ራሱን እስከ ሥሩ ተከተሉት። እሾህ ከሌለው ልጅ አይንካው።

ትክክለኛው አጋምም ቢሆን ቀይ ሳለ አይበላም። ከንፈር ላይ እንደ ሙጫ የሚጣበቀው ያልበሰለው ነው። የተጠራጠራችሁትን የበላ ልጅ ካለ፣ ምልክት እስኪያሳይ ሳትጠብቁ፣ ለማስመለስም ሳትሞክሩ፣ ቅጠልና ፍሬ ያለበትን ቅርንጫፍ ይዛችሁ ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰዱት።

የጓሮ ወዳጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። አሁን ወርደን አየነው፤ ፍሬው ያለበት ቅርንጫፍ ሁሉ እሾህ አለው፣ ጫፉም ሁለት ነው። ማርማላታውስ? ጊዜ ለመቆጠብ ወሽመላውን ከነውስጥ ፍሬው (ከነዘሩ) ጁስ መፍጫ ውስጥ ብንከተውስ?

እመት ማድ ቤት፦
ከነፍሬው እንዳትፈጩት! ውስጡ ያለው ቡናማ ፍሬ ሲደቅቅ ሳያናይድ የሚባል መርዝ የሚወጣው ነገር አለው። አንዱን ሳያኝኩ ቢውጡት ግድ የለም፤ መፍጨትና ማኘክ ነው አደጋው። ለጁስም ያው ነው፣ መጀመሪያ ፍሬው ይውጣ።

1 ኪሎ የጸዳ ሥጋ ለማግኘት 1 ኪሎ ተኩል ያህል ወሽመላ ያስፈልጋል። የፈላ ውኃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ነክራችሁ ስታወጡት ቆዳው በቀላሉ ይላጣል። የእናንተ ዛፍ መንገድ ዳር ከሆነ መላጡን አትዝለሉት፤ ቆዳው ላይ ያለው ስስ ጸጉር አቧራ ይይዛል። እየላጣችሁ ሎሚ የተጨመቀበት ውኃ ውስጥ ጣሉት፣ አለበለዚያ እጃችሁ ላይ ይጠቁራል። ለ1 ኪሎ ሥጋ 650 ግራም ስኳር፣ የ3 ሎሚ ጭማቂና አንድ ብርጭቆ ውኃ ይበቃል። ከአምስቱ አንዱ ፍሬ በደንብ ያልበሰለ ቢሆን ማርማላታው ቶሎ ይረጋል። ሥጋው በውኃው እስኪለሰልስ አብስሉና ስኳርና ሎሚውን ከዚያ ጨምሩ። ስኳሩ ቀድሞ ከገባ ሥጋው ይደርቃል። የሚዝግ የብረት ድስት ያጠቁረዋል፤ የማይዝግ ተጠቀሙ።

ቴርሞሜትር ካላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። አዘገጃጀቶች ላይ የሚጻፈው 104 ወይም 105 ዲግሪ ለባሕር ጠረፍ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ማርማላታውም 96 እስከ 97 ሲደርስ አውርዱት። 104ን የጠበቀ እንደ ከረሜላ የሚሳብ ነገር ነው የሚያገኘው። ቴርሞሜትር ከሌለ ፍሪጅ ውስጥ በቀዘቀዘ ሰሃን ላይ አንድ ጠብታ ጣሉና በጣት ገፋ አድርጉት። ቆዳው ከተጨማደደ በቅቷል።

ተቀቅሎ የደረቀ ብልቃጥ ውስጥ ማርማላታውን ትኩስ እንደሆነ ገልብጡና ወዲያው ክደኑ። ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ አረፋ ካወጣ ወይም ጠጅ ጠጅ ካለ ይደፋ።

አትክልተኛው፦
ለሚቀጥለው ዙር አንድ ልጨምር። ፍሬው እንደ ሽምብራ ቆሎ ትንሽ ሳለ ከየዘለላው አምስት ስድስት አስቀርታችሁ ሌላውን አራግፉት። ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ግን የቀረው ይወፍራል፤ ለመላጥም አያስቸግርም።