አይጦች ራሳቸውን ማጽዳት መቀነሳቸው ለጭንቀታቸው መቀነስ ማስረጃ ይሆናል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ዲያዜፓም የተባለው ጭንቀት ማስታገሻ መድኃኒት በአይጦች ባሕርይ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ እያጠናሁ ነው። መድኃኒቱን የተወጉት አይጦች ወደማያውቁት ብርሃናማ ሣጥን ሲገቡ፣ ፊታቸውን በማበስና ፀጉራቸውን በመላስ ያሳለፉት ጊዜ የጨው ውሃ ብቻ ከተወጉት ያነሰ ሆነ። «መድኃኒቱ ጭንቀትን ቀንሷል» ብዬ ብጽፍ ያስኬዳል? ፍሉኦክሴቲን የተባለው የድብርት መድኃኒት ሲሰጥ ግን የማጽዳት መጨመር እንደ መሻሻል መቆጠሩን አንብቤ ግራ ተጋብቻለሁ።

መልስ 1፦
የጊዜው ርዝመት ብቻውን እዚያ ድምዳሜ ላይ አያደርስዎትም፤ አይጥ ስትረጋጋም ስትጨነቅም ራሷን ታጸዳለችና። ልዩነቱ በቅደም ተከተሉ ነው። የተረጋጋች አይጥ መዳፏን ከመላስ ጀምራ ወደ አፍንጫዋና ፊቷ፣ ከዚያ ወደ ጭንቅላቷ፣ ወደ ገላዋና በመጨረሻ ወደ ጅራቷ ትወርዳለች። የተጨነቀችው ግን ጀምራ ታቋርጣለች፤ አንዳንዴም ከፊቷ በቀጥታ ወደ ጅራቷ ትዘልላለች። ይህን ሥርዓት በማስያዝ ረገድ ስትራያተም የተባለው የአንጎል ክፍል ትልቅ ድርሻ አለው፤ በዚህ ክፍል በብዛት የሚሠራውን የዶፓሚንን (በነርቭ ሴሎች መካከል መልእክት የሚያደርስ ኬሚካል) ዲ1 ተቀባዮች የሚያነቃቁ መድኃኒቶች ቅደም ተከተሉን ከወትሮው ይበልጥ ግትር የሚያደርጉትም ለዚህ ነው። ቪዲዮ ቀርጸው ከሆነ የተቋረጡትንና ተራቸውን የሳቱትን ይቁጠሩ።

መልስ 2፦
በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ ዲያዜፓም መጠኑ ከፍ ሲል ያደነዝዛል። የደነዘዘች አይጥ ደግሞ ማጽዳቷን ብቻ ሳይሆን መንቀሳቀሷንም ትቀንሳለች፤ ስለዚህ በሣጥኑ ውስጥ የተጓዙት ርቀት ሳይለካ ውጤቱን መተርጐም አደገኛ ነው።

የፍሉኦክሴቲኑ ጉዳይ የሚጋጭ የሚመስለው ፈተናው ሌላ ስለሆነ ነው። እዚያ 10 በመቶ የስኳር ውሃ በጀርባቸው ላይ ይረጫል፤ ለሳምንታት በጭንቀት የቆዩ አይጦች ፀጉራቸው እየተጣበቀ እንኳ ቸል ይሉታል፤ መድኃኒቱ ለሳምንታት ሲሰጣቸው ግን እንደገና መላስ ይጀምራሉ። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ጥናት፣ ሳፓፕ3 የተባለው ጂን የሌላቸው አይጦች ፊታቸው እስኪቆስል ራሳቸውን ሲያጸዱ፣ ያው ፍሉኦክሴቲን ይህን ባሕርያቸውን ቀንሶላቸዋል። አንዱ መድኃኒት የጎደለውን ሲሞላ፣ የበዛውንም ሲቀንስ ማየት ለእኔ የዚህ ዘርፍ እጅግ አስደናቂው ነገር ነው።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ርቀቱን አልለካሁም፤ ቪዲዮው ግን በእጄ ስላለ፣ የትኛዋ አይጥ ምን እንደተወጋች የማያውቅ ባልደረባዬ ርቀቱንም ቅደም ተከተሉንም እንዲመዘግብልኝ አደርጋለሁ። ያንን ዓረፍተ ነገር እስከዚያው ከረቂቁ አውጥቼዋለሁ።