የኖራ ሠርቶ ማሳያ ዕቅድ፦ በረቂቁ ላይ የተሰጡ አስተያየቶች

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ዓላማው በጎዛምን የደጋ ቀበሌዎች ቀይ አፈር ላይ የአሲዳማነት ምርመራ ማስደረግና ውጤቱን ተከትሎ በሁለት ቃዳ (ግማሽ ሄክታር) ማሳ አሲዳማነቱን የሚቀንስ የኖራ ሠርቶ ማሳያ ማካሄድ ነው። አንዱ ቃዳ ኖራ ይገባበታል፣ ሌላው ለንጽጽር እንደነበረ ይተዋል፤ የገብሱ ዘርም ማዳበሪያውም በሁለቱ ላይ እኩል ይሆናል። ኖራው ከዘር አንድ ወር ያህል ቀድሞ ከአፈሩ ጋር መታረስ ስላለበት መዋጮው እስከ መጋቢት ካልተጠናቀቀ ዘንድሮ አመለጠን ማለት ነው።

የአፈር ባለሙያው አባል፦ ምርመራው የግድ መቅደም አለበት። የአፈሩ ፒኤች (ሲያንስ አሲዳማነቱ መብዛቱን የሚያሳየው መለኪያ) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የሥሩን ጫፍ ይጎዳዋል፣ የማዳበሪያውንም ፎስፈረስ አፈሩ አስሮ ያስቀረዋል፤ ስለዚህ ገበሬው በዱቤ የገዛውን የኤንፒኤስ ማዳበሪያ የሚበላው አፈሩ እንጂ ገብሱ አይደለም። ባለፈው ክረምት ከዚያው ማሳ የነቀልኩት ባቄላ ሥሩ አጥሮና ወፍሮ፣ ቀጫጭን ሥር የሚባል ነገር አጥቶ ነበር። ናሙናው ከፍግ ክምር፣ ከአጥር ሥርና ከባሕር ዛፍ ጥግ ተርቆ፣ ከ15 ቦታ፣ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይወሰዳል፤ ማዳበሪያ ተይዞበት በማያውቅ ባልዲ ተደባልቆ አንድ ኪሎ ያህሉ በጥላ ይደርቃል። ናሙናውን እኔ እሰበስባለሁ።

ከደጋው ቀበሌ፦ በምርመራው አልከራከርም። ነገር ግን ማሳው የመንገድ ዳር ነው። ኖራ ያልገባበት ቃዳ ወደ መንገዱ ከሆነ ወደ ማርቆስ ገበያ የሚወጣና የሚወርደው ሁሉ በነሐሴ የሚያየው የቀጨጨ፣ ቢጫ ገብስ ነው። ባለማሳው የአክስቴ ልጅ ነው፤ ሰነፍ ገበሬ እንዲባል አንፈቅድም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ እንግዲያው ኖራ የገባበት ወደ መንገዱ ይሁን።

የአፈር ባለሙያው አባል፦ አይሆንም። መንገዱ ከማሳው በላይ ነው የሚያልፈው። ኖራውን ከላይ ካደረግነው የሐምሌ ጎርፍ እያጠበ ወደ ታችኛው ቃዳ ያወርደዋል፣ ንጽጽሩም ይበላሻል። ይልቅ ማሳውን ከላይ ወደ ታች ሰንጥቀን ሁለቱን ጎን ለጎን እናድርጋቸው፤ በመካከላቸውም ቦይ ይውጣ።

ከደጋው ቀበሌ፦ ጎን ለጎን ሲሆንማ ይባስ ይታያል! አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቢጫ ሆኖ?

የባሕር ዳሩ አባል፦ የሠርቶ ማሳያ ነገሩ እሱ አይደለም እንዴ? ካስፈለገ ሆን ተብሎ የተተወ መሆኑን የሚገልጽ ታፔላ ይተከል።

ከደጋው ቀበሌ፦ ታፔላውን በአይሱዙ ላይ ሆኖ የሚያነበው ማነው? አንተ ባሕር ዳር ተቀምጠህ የሰው ስም አታቅልል።

ከዋልካው ቀበሌ፦ ይህን ያህል ቀን የምንነታረከው መንገደኛ ምን ያያል በሚል ነው። የእኛ ዋልካ ክረምቱን ውኃ ተኝቶበት ስለሚከርም መስከረምን ጠብቀን ሽምብራና ጓያ ከመዝራት ሌላ ምርጫ የለንም። ውኃው እንዲወርድ በቢቢኤም (ሰፋፊ መደብ ማውጫ) ማረሻ መደብና ቦይ ቢወጣለት ስንዴ ገና በክረምቱ ይዘራበት ነበር። መዋጮ ስትጠይቁ የምንታወሰውን ያህል በረቂቁ ላይ አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈልንም፤ እንዲህ ከሆነ ድርሻችን ይመለስልን።

ገንዘብ ያዥ፦ ይመለስልን የምትሉት ገና ያልከፈላችሁትን ነው።

ከዋልካው ቀበሌ፦ ይህን ቃል በስብሰባ ፊት ትደግመዋለህ።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር፦ ሁለታችሁም በቃችሁ። የዋልካው ጥያቄ ተገቢ ስለሆነ ይጻፍ። የደጋውንም ቅሬታ በአንድ መንገድ እንቋጨው፤ አንድ ቤተሰብ አስቀይመን የምናገኘው ዕውቀት አያስፈልገንም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ በዚሁ መሠረት ረቂቁን አስተካክያለሁ። ሁለቱም ቃዳ ኖራ ይገባባቸዋል። የኖራው መጠን እጥፍ ስለሚሆን ለላቦራቶሪ የተያዘው ገንዘብ ወደ ኖራ ግዥ ዞሯል፤ ለታፔላ የታሰበው ደግሞ ለዋልካው የቦይ ሥራ ተመድቧል። በሄክታር 2 ቶን ብለን ካሰላነው ለግማሽ ሄክታሩ 10 ኩንታል ይበቃል።

የባሕር ዳሩ አባል፦ አፈሩ ሳይመረመር 2 ቶን የሚለው ከየት መጣ? አንዱ ማሳ ከዚያ ያነሰ፣ ሌላው 4 ቶን ሊፈልግ ይችላል። ገብሱ ቢያምርስ ከኖራው ይሁን ከዝናቡ በምን ይለያል? ባለሙያው ይመልስ።

ገንዘብ ያዥ፦ ባለሙያው የጎን ለጎኑ ሐሳብ ከወደቀ ወዲህ ስልክ አያነሳም። ባልዲውም እሱ ዘንድ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ጭነቱ ነው፤ ኖራው ከሚጫንበት ከደጀን እስከ ማርቆስ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ለ10 ኩንታል ብቻ የሚመጣ መኪና አላገኘሁም። ከዚያ ባዶውን የሚመለስ መኪና የሚያውቅ ይናገር።

ከደጋው ቀበሌ፦ መኪናውን እኔ እፈልጋለሁ። ማሳው በሙሉ ኖራ የሚገባበት ከሆነ ግን ታፔላው መቅረት የለበትም፤ የባለማሳው ስም በጉልህ ተጽፎበት ወደ መንገዱ ይዙር።

ገንዘብ ያዥ፦ የታፔላው ገንዘብ ለዋልካው ቦይ ሄዷል፤ ከእነሱ ጋር ተነጋገር።

ከዋልካው ቀበሌ፦ አንመልስም።